ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ልጆች በአንድ ኮት

ቁጡ ነኝ፤ መቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ፎቶ ሳነሳ «ቀና በል» ማለትን ሁለቴ ከደገምኩ ድምፄ ከፍ ይላል፤ በሦስተኛው ደንበኛው ራሱ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ስለዚህ ያን ሰሞን ኮምፒዩተሬ ላይ ስጮህ የሰሙ ጎረቤቶቼ አንዳቸውም ደንግጠው አልመጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የሚመዘገቡት በኢንተርኔት ነው፤ ምዝገባው ደግሞ የእያንዳንዱን ልጅ ፎቶ ይጠይቃል። ዳሪሙ ካለ አንድ ትምህርት ቤት የምዝገባው ኃላፊ መምህር ያደታ አስጠሩኝና ካሜራዬን፣ ሰማያዊ መጋረጃዬንና የስቱዲዮዬን ጥቁር ኮት ይዤ ሄድኩ። ኮቱ አንድ ነው። ያለ ኮት ፎቶ መነሳት እንደ ነውር ስለሚቆጠር ልጆቹ ተሰልፈው እየተቀባበሉ ለበሱት። ረጅሙ እጅጌው አጠረው፣ የአጭሩ ጣቶች እጅጌው ውስጥ ጠፉ፣ ከደረት በላይ ግን ሁሉም የባንክ ሥራ አስኪያጅ መሰሉ።

መጨረሻ ላይ ኮቱን የለበሰችው ዱሬቲ የምትባል ልጅ ነበረች። ሦስት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነው የመጣችው። ባለፈው ዓመት ሌላ ሰው ያነሳት ፎቶ ጠፍቶ ሳትመዘገብ የምዝገባው ቀን ተዘጋና፣ ጓደኞቿ ሲፈተኑ እሷ ቡና ስትለቅም ከረመች። ኮቱን አውልቃ ስትመልስልኝ «ጋሼ፣ የዘንድሮው አይጠፋም አይደል?» አለችኝ። እኔ እያለሁ አይጠፋም አልኳት። ያኔ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ምንም አልከበደኝም።

መቱ ተመልሼ እያንዳንዱን ፎቶ ኮምፒዩተሩ ላይ በልጁ ስም ሰየምኩ፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ናቸው። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምዝገባው ከሃምሳ ኪሎባይት በላይ የሆነ ፎቶ አይቀበልም፤ የእኔ ካሜራ አንዱን ፎቶ የዚያን መቶ እጥፍ አድርጎ ነው የሚያነሳው። አንድ በአንድ ላሳንስ ብዬ ግማሽ ቀን ብለፋ ሠላሳ አልሞላም። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያሳንስ ፕሮግራም እንዳለ ሰምቻለሁ። የፎቶ አንሺዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ብጠይቅ ሦስት ላኩልኝ። የመጀመሪያው ካልተገዛ በቀር በየልጁ ግንባር ላይ የራሱን ስም ይጽፋል፤ የዳሪሙን ልጆች የእሱ ማስታወቂያ ሰሌዳ አደረጋቸው። ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ሦስተኛው ግን ሲከፈት ራሱ ያስፈራል፤ ገጹ በቁልፍ የተሞላ፣ ያሳንሳል፣ ያቀላል፣ ያጸዳል፣ የማይሠራው የለም። ብዙ የሚያውቅ ይሻላል ብዬ መረጥኩት።

ዓርብ ጠዋት አስነሳሁት። ጥቂት እንደሄደ ቆመና በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀኝ። የእኔ እንግሊዝኛ «ኦኬ» ላይ ያበቃል። ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ እሺ አልኩት፤ ደግሞ ሲጠይቀኝ ለሁሉም እሺ የሚለውን ተጫንኩ። በሁለት ደቂቃ ጨረሰ። ደስ አለኝና ቃሌን አስታውሼ መጀመሪያ የዱሬቲን ፎቶ ፈለግኩ።

የለም። እንደገና ፈለግኩ፣ የለም። ቁጥሩን ባየው ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ብቻ ነው። መቶ ሰባ ሦስት ልጆች ከነስማቸው ጠፍተዋል። ካሜራው ውስጥ ያለውን ካርድ ደግሞ ለሰርግ ስፈልገው ቀድሜ አጥፍቼዋለሁ። ዳሪሙ ሄዶ እንደገና ለማንሳት ጊዜው የለም፤ ያቺ ልጅ ሌላ ዓመት ቡና ስትለቅም ታየኝ።

የሚያድነኝ ሰው ከመንገዱ ማዶ ነበረ። ኢክላስ ወላጆቿ ከወራቤ የመጡ፣ እዚሁ መቱ የተወለደች፣ የኮምፒዩተር ነገር አበጥራ የምታውቅ ልጅ ናት። ችግሩ ዓመት ሙሉ አኩርፌያታለሁ። ሱቋ በር ላይ «ጉርድ ፎቶ በአምስት ደቂቃ» ብላ ከለጠፈችበት ቀን ጀምሮ ሰላም አልላትም። ከዚህ የባሰው ሌላ ነው፦ አባቷ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም። ድንኳኑ ከስቱዲዮዬ በር ላይ ይታያል፤ እኔ በሬን ዘግቼ ፎቶ ስቆርጥ ዋልኩ።

ኮምፒዩተሬን አቅፌ መንገዱን ተሻገርኩ። ሱቋ ስገባ፣ ጊዜው እያለቀ ሳለ፣ በፎቶዎቹ ፈንታ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

«ኢክላስ፣ ለአባትሽ ለቅሶ አልመጣሁም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አውቃለሁ፣ ጋሼ» አለች። ወንበር ሳበችልኝ። «ቁጭ ይበሉ፤ ምን ሆነው ነው እንዲህ የጠቆሩት?»

ነገርኳት። ፕሮግራሙን ከፍታ ያንን የእንግሊዝኛ ጥያቄ አነበበችው፣ ቀጥላ ፎቶዎቹን አየች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቅ እየታገላት ነበር። ፕሮግራሙ ተመሳሳይ ፎቶዎችን እየለየ አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ይጥላል። መጋረጃው አንድ፣ አቀማመጡ አንድ፣ ኮቱ አንድ ሲሆንበት የዳሪሙን ልጆች አንድ ልጅ ደጋግሞ የተነሳ መስሎት ነው። ልጣላቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ለሁሉም እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ።

«ከዚያ በኋላ የኮምፒዩተሩን ቆሻሻ መጣያ ባዶ አድርገዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

አላስታውስም። ቦታ ሲጠብብኝ ባዶ ማድረግ ልማዴ ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ አንዴ ስትጫን፣ ሁለቴ ስትጫን ሰማሁ።

«መቶ ሰባ ሦስት» አለች።

ዓይኔን ስገልጥ ከነኮታቸው ተደርድረዋል፤ ዱሬቲ መጨረሻ ላይ፣ አገጯን ቀና አድርጋ። አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ኢክላስ ወደ መስኮቱ ዞር አለችልኝ፣ ትንሽ ቆይታ ሁሉንም ወደ ቦታቸው መልሳ በሁለት ፍላሽ ገለበጠቻቸው።

ከዚያ ፕሮግራም መምረጥ ምን እንደሆነ አሳየችኝ። የአምስት ልጆች ፎቶ ብቻ ለብቻው ቀዳችና በዚያ ላይ ትሞክር ጀመር። አንዱ ፕሮግራም ፊታቸውን ወደ ጎን ለጠጠው፤ ዘጋችው። ሌላው ስማቸውን አጥፍቶ ቁጥር ሰጣቸው፤ እሱንም ዘጋችው። ሦስተኛው አሮጌና ሦስት ቁልፍ ብቻ ያለው ነው፤ ምንም አልጠየቀም፣ ዋናውን ሳይነካ ስምና መልካቸውን ጠብቆ አሳነሰ። እኔ ብሆን እንደ ደሃ ዘመድ ዞር ብዬም አላየውም ነበር። ሁሉንም ሰጠችውና አራት ደቂቃ ፈጀበት። ቆጠርን፤ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት። እኔ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው። ለመምህር ያደታ በቴሌግራም ላክንላቸው።

መልሳቸውን እየጠበቅን ተቀመጥን። እሷ ስለ አባቷ ጥቂት አወራችኝ፤ አንድ ጊዜ ቡና ተራ በትራቸውን ተደግፈው ሳሉ እኔ ፎቶ አንስቻቸው እንደነበረና ከዚያ ወዲያ ሌላ ፎቶ እንዳልተነሱ። ለቅሶው ላይ የተሰቀለው የእኔ ፎቶ ነበር። ብመጣ ኖሮ አየው ነበር። ነፍሳቸውን ይማር አልኩ፣ ከብዙ ወራት በኋላ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። መምህር ያደታ ናቸው፤ ሁሉም ገብተዋል፣ አንድም የተመለሰ የለም አሉኝ። ጀርባዬን ወንበሩ ላይ ለቀቅኩት፤ ከሐሙስ ጀምሮ የተደገፍኩ አልመሰለኝም። ዱሬቲስ ብዬ ጠየቅኩ። «ጠዋት መጥታ ፎቶዬን ስክሪኑ ላይ ካላየሁ አልሄድም ብላ አጠገቤ ቆማለች» አሉና ስልኩን ሰጧት።

ከዚያ በኦሮምኛ ነገረችኝ።

«ጋሼ፣ አርጌራ። አኑማ።»

አየሁት፣ እኔው ነኝ፣ ማለቷ ነው።