የሐዘን ጺም

«አልያዘም» አለችው የእሳት አደጋ ቡድኑ አለቃ። «ድገመው።»

የጭምብሉን ቱቦ በመዳፉ ደፍኖ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። ጭምብሉ ፊቱ ላይ ልጥፍ ማለት ነበረበት፤ ግን በጉንጩ በኩል፣ በጺሙ መሃል፣ ቀዝቃዛ አየር ሾልኮ ገባ። አየር ካስገባ መርዙንም ያስገባል።

«ጺምህ ነው። ወይ ትላጫለህ፣ ወይ እዚሁ ትቀራለህ።»

የቀለም ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ መደርደሪያ ተገንድሶ አንድ የቲነር በርሜል ተቀድዷል። ተቀጣጣዩ ፈሳሽ በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ ፍሳሽ ቦዩ እያዘገመ ነው፤ ቦዩ ደግሞ በዳቦ ቤቱ ሥር ያልፋል። ዳቦ ጋጋሪው እሳቱን ቢያጠፋም ምድጃው ገና እንደጋለ ነው። የዕቃ ቤቱን ኃላፊ ሽታው አዙሮ ጥሎት ሆስፒታል ወስደውታል። ፖሊሶች የሰፈሩን ሰው እያስወጡ ነበር፤ አንዱ ነዋሪ ከወጣ በኋላ ለቴሌቪዥኑ ብሎ ተመልሶ ገብቷል።

ወደ ውስጥ ብቻውን የሚገባ የለም፤ ደንቡ ሁለት ሁለት ነው። ከእሱ ጋር የሚገባው «ረጅሙ» ነው፤ ከሁሉም ስለሚያጥር ለቀልድ ያወጡለት ስም ነው። የቀሩት ሁለቱ የአረፋውን ቱቦ ይዘዋል። ሌላው ቡድን ከከተማው ማዶ እሳት እያጠፋ ነው።

«ሌላ ሰው ጥሪ» አላት።

«ከየት ልውለድልህ?»

ከትናንት ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም።

አባቱ የሞተው እሱ ተረኛ ሆኖ የሰው ቤት እሳት ሲያጠፋ ነው። ታላቅ እህቱ ከቀብሩ መልስ «እስከ መጨረሻው ሲጠራህ ነበር» አለችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ቢያንስ ለመታሰቢያው ዘመድ ሲሰበሰብ ጺምህን አሳድገህ ያዘነ ሰው ምሰል።» መታሰቢያው እሑድ ነው። ዛሬ አመሻሽ ላይ ደግሞ ዘመዶቹ ለዝግጅቱ እሷ ቤት ይገናኛሉ።

ቦዩን አየ። ፈሳሹ ክንድ ያህል ቀርቶታል።

«እሺ» አለ።

«የምላጭ ያለህ!» ብሎ ጮኸ ረጅሙ።

«እኔ የኤሌክትሪክ መላጫ አለኝ» አለ የመኪናቸው ሾፌር።

«ጎሽ! እሱን አብራውና በብልጭታው ሁላችንንም በአንዴ ላጨን።»

የፋብሪካው ዘበኛ ምላጭና ቁራጭ ሳሙና ይዞ መጣ። ጀሪካን ላይ አስቀምጠውት ረጅሙ አገጩን ያዘ።

«አትንቀሳቀስ፣ ሙሽራው።»

ምላጩ ደንዟል። ስለ አባቱ ሊያስብ ፈለገ፤ ግን ያሰበው ፊቱ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ብቻ ነው።

ጭምብሉ ያዘ።

ብረት ከብረት ቢጋጭ ብልጭታ ያወጣልና የእንጨት ሽብልቅና የጎማ መዶሻ ይዘው ገቡ። ቀዳዳውን ደፍነው ወጡና፣ ቦዩ አፍ ላይ የደረሰውን በአሸዋ ቀበሩት። ያጨበጨበ ሰው የለም። ዳቦ ጋጋሪው መቼ መክፈት እንደሚችል ጠየቀ፤ አለቃዋ እጇን አወዛውዛ አለፈችው።

ከታጠቡ በኋላ ረጅሙ ሻርፑን ወረወረለት። «ተጠቅለልበት። እህትህን ጉንፋን ይዞኛል በላት።»

«እስከ እሑድ?»

«እንግዲያው ቲነሩ በላው በል። ማን ያጣራል?»

«እታለምን አታውቃትም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሻርፑን እስከ አፍንጫው ስቦ ቆመ፤ ቢቀመጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። ጉንፋኑንም ቲነሩንም በየተራ ሞከራቸው። ሁለቱም እህቱ ፊት ሁለት ደቂቃ አይቆሙም።

የእህቱ ቤት መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። አክስቱ ወንበር አነሰ እያለች ስትጨቃጨቅ እስከ በር ይሰማል። አንኳኳ።

«ማነው?» የእህቱ ድምፅ ነው።

«እኔ ነኝ፣ እታለም።»

«አሁን ነው የሚመጣው? ሁሉ ሰው አንተን ነው የሚጠብቀው።»

መቀርቀሪያው ተንቋቋ። ሻርፑን ከፊቱ ላይ ፈታና ኪሱ ውስጥ ከተተው።