ይጋባል?

፩

ጥቁር ልብስ የላትም። ለአጎቷ ለቅሶ እንኳ ግራጫ ለብሳ ሄዳ ዘመድ አዝማድ ተቀይሟታል። «ምን የሚሉት ንቀት ነው?» ተብላለች። ፋናዬ ጥቁር ከለበሰች ትከሻዋ ይናገርባታል።

ከፀጉሯ ውስጥ ይረግፋል።

ክፍል ውስጥ ስትሆን ይቀላታል። ደሴ፣ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ ትከሻዋ ላይ የሚያዩት ነጭ ብናኝ የጠመኔ ይመስላቸዋል። እንዲመስላቸውም ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ጫን እያደረገች ትጽፋለች።

፪

በህልሟ ደሴ ላይ ነጭ ነገር ይዘንባል። ጦሳ ተራራን ይሸፍናል፤ የባጃጆቹን ጣራ ይሸፍናል፤ ድምፅ የለውም። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ «ከየት ነው የሚመጣው?» ይላል።

እሷ ብቻ ታውቃለች። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ በሰዉ መሃል ቀስ ብላ ታልፋለች።

፫

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቁራጭ ልዘለው ነበር። ግን ያለሱ ቀጣዩ አይገባህም።

ፎረፎር ነው ሲሏት ሻምፑ ቀያየረች። ቆረቆር ነው ሲሏት ነጭ ጋዝ ተቀባች፤ ቆዳዋ ተላጠ፣ ትራሷ ደም ነካው። እናቷ «የሰው ዓይን ነው ልጄ» ብላ ጠበል ወሰደቻት። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ማሳከኩ ለጥቂት ጊዜ ጋብ አለ። ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ይልቃል የሚባል የመብራት ኃይል ሠራተኛ ላግባሽ አላት፤ እሺ አለች። የሰርጉ ቀን ተቆረጠ። ሹሩባ ልትሠራ ላቀች የምትባል ፀጉር ሠሪ ዘንድ ሄደች።

ላቀች ሻሹን ፈታች። ማበጠሪያዋን አስቀመጠች።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ይጋባል። እኔ ሌላም ደንበኛ አለኝ።»

ወረፋ የያዙት ሴቶች ወንበራቸውን ራቅ አደረጉ።

፬

ይልቃል ፀጉሯን አይቶት አያውቅም። ሻሹን ጨዋነት ነው ብሎ ወዶላታል።

፭

(ቆዳ ሐኪም ዘንድ። ሐኪሟ ሴት ናት፤ መነጽሯን አውልቃ ነው የምታወራው።)

ሐኪሟ፦ ቆረቆር አይደለም። ሶሪያሲስ ይባላል።

ፋናዬ፦ ንጽህና ጎድሎኝ ነው?

ሐኪሟ፦ በፍጹም። ከበሽታ የሚከላከልልሽ ኃይል ተሳስቶ የራስሽን ቆዳ ያጠቃል። ቆዳው ይቆጣል፣ ይቀላል፣ ከልክ በላይ እየፈጠነ ይታደሳል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርስበታል። እሱ ነው የሚከመረው።

ፋናዬ፦ ይጋባል?

ሐኪሟ፦ አይጋባም።

ፋናዬ፦ (ታለቅሳለች።)

ሐኪሟ፦ ምነው?

ፋናዬ፦ እኔም አልጋባም ብዬ ነበር የመጣሁት።

ሐኪሟ፦ (ትስቃለች፤ ሶፍት ታቀብላታለች።)

ፋናዬ፦ ይድናል?

ሐኪሟ፦ ይተኛል። ጭንቀት፣ ብርድ፣ ማከክ ይቀሰቅሱታል። መድኃኒት ያስተኛዋል።

ፋናዬ፦ ልጅ ብወልድስ?

ሐኪሟ፦ ሊወርሰው ይችላል። ላይወርሰውም ይችላል።

፮

የመድኃኒቱ አደራረግ እንዲህ ነው፣ ፋናዬ። ማታ ቅርፊቱን የሚያለሰልሰውን ቅባት ተቀቢና ጠዋት ታጠቢው። በጥፍርሽ እንዳትነኪው። ፀጉርሽን በማበጠሪያ ጭራ መስመር መስመር ክፈይ፤ መድኃኒቱን ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ቆዳው ላይ ጠብ አድርጊ። ሐኪሟ አቁሚ ስትልሽ አቁሚ።

ከኋላ፣ ማጅራትሽ አካባቢ፣ አይታይሽም።

ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልግሻል።

፯

ጁስ ቤት፣ ጥግ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ፋናዬ ይልቃል ፊት ሻሿን ፈታች።

«ልጆቻችንም ሊወርሱት ይችላሉ» አለችው። «አሁኑኑ ብትተወኝ አልቀየምህም።»

ይልቃል ራሷ ላይ ያለውን ቅርፊት ለረጅም ጊዜ አየ። አልነካትም። ተጸይፎ ይሁን እንዳያማት ፈርቶ፣ ፋናዬ አላወቀችም። ብርጭቆው ውስጥ አቮካዶው ጠቆረ።

«አባቴን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«መላጣ ነው። አያቴም መላጣ ነበር። እና እኔ ለልጆቻችን ምን እንደማወርስ ነግሬሽ አውቃለሁ?»

ሳትፈልግ ሳቀች። ያኔ እጁን ዘረጋ።

«ያማል?»

«ያሳክካል።»

በአንድ ጣቱ፣ የጋለ ነገር እንደሚነካ ሰው፣ ቀስ ብሎ ነካት።

፰

ሰርጉ አለፈ። ሙሽራዋ ሹሩባ ሳትሠራ፣ ፀጉሯን ለቃ ወጣች። አንዳንዱ ተንሾካሾከ። ማታ ማታ ይልቃል ከኋላዋ ተቀምጦ መድኃኒቱን ጠብ ያደርግላታል፤ መጀመሪያ ግማሹን አንገቷ ላይ ያፈስሰው ነበር፤ እየቆየ እጁ ተካነ።

በሽታው ተኛ።

፱

ሐይቅ ዳር። ጠዋት። ጉሙ ከውሃው ላይ ገና አልተነሳም፤ ጀልባዎቹ አየር ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ሴት ልጃቸው በፋናዬ ጭን ላይ ተኝታለች፤ ገና አፏን አልፈታችም፣ ፀጉሯም ገና ለጋ ነው።

ይልቃል ጎንበስ ብሎ የልጅቷን ራስ አሸተተ። እንደ ልማዱ።

ቀና ሊል ሲል ቆመ። ለስላሳውን ፀጉር በአውራ ጣቱ ገለጥ አደረገ። እንደገና ገለጥ አደረገ።

ፋናዬ ከአንገቷ ቀና አለች።

«ምን አየህ?»

፲

ይልቃል፦ (ነጩን ቅርፊት በጣቱ ያሳያታል።) አይዞሽ፣ እሱም ይተኛል።