ቦታ ያዢልኝ

ታላቅየዋ ማክሰኞ ሞተች፤ ዓርብ ላይ ፖስታ ቤቱ ፎቶዋን ጠየቀ።

ጠያቂው የቴምብር ክፍሉ ሹም ነው። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ፣ ለቀስተኛው መሀል ተቀመጠ። በሚመጣው ዓመት ከሚወጡት የታዋቂ ሰዎች ቴምብሮች አንድ ቦታ እንደቀረ፣ ኮሚቴውም ሟቿን እንደመረጠ ለታናሽየዋ በሹክሹክታ ነገራት። ሠላሳ ዓመት በራዲዮ ለልጆች ተረት ያወራች ሴት፤ ድምጿን የማያውቅ የለም፣ መልኳን የሚያውቅ ግን ጠፋ። ካሜራ ስታይ ትሸሽ ነበር፣ ራዲዮ ጣቢያው እንኳ አንድ ፎቶ የለውም። እስከ ሰኞ ካልተገኘ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

"ፎቶ የለም" አለች ታናሽየዋ።

ውሸቷን ነው። ፎቶው ከተቀመጠችበት ፍራሽ ስር፣ የቴምብር አልበሟ ውስጥ አለ። ከማክሰኞ ጀምሮ ላዩ ላይ ተቀምጣ ነው የምታለቅሰው።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋ አያርፍም፣ ሁሉንም ሰምታለች። ሹሙ እንደወጣ ጠጋ አለች።

"ታድላ! ሞታም አገር ላገር ልትዞር ነው። አንቺም ብትሆኚ፣ የእሷ እህት መባል ምን አነሰሽ?"

ምን አነሰሽ። ዳቦ ቤት ስሟ "የራዲዮኗ እህት" ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው ክርክር ስትተይብ በኖረችበት ፍርድ ቤት ዳኛው ሳይቀር እንደዚያ ነው የሚጠሯት። አንድ ጊዜ ለትዳር የፈለጋት ሰው መጣ፤ ደህና ሰው፣ ጫማው የተወለወለ። ሻዩን ጠጥቶ ሲያበቃ እህትየዋ አንዴ በዚያ ድምጿ ሰላም ትለው እንደሆነ ጠየቀ። አለችው። ደስ ብሎት ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

ያኔ ከአድማጮች ደብዳቤ በጆንያ ይመጣል። ታላቅየዋ እያነበበች ትስቃለች፤ ከዚያ የፖስታዎቹን ጥግ ቀድዳ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ትነክራለች። ቴምብሩ ለቆ ሲንሳፈፍ በጣቷ አንስታ ጋዜጣ ላይ ታሰጣዋለች። "ደብዳቤው ለእኔ፣ ቴምብሩ ለአንቺ" ትላለች። ታናሽየዋ ትርፍራፊ መሆኑን እያወቀች ወሰደች።

አልበሙ ግን የራሷ ሆነ። ሐኪሙ፣ ድልድይ የሠራው መሐንዲስ፣ ሯጩ፣ መላጣው ባለቅኔ፣ ሁሉም በየረድፋቸው። አገር ምድሩ ውስጥ "እህትሽ እንዴት ናት?" የማይሏት እነሱ ብቻ ናቸው። ሕጓም ጥብቅ ነው፤ ማኅተም ያላረፈበት ቴምብር አታስገባም። መንገድ ያልሄደ ቴምብር ለእሷ ብጣሽ ወረቀት ነው።

አንድ ቀን ታላቅየዋ ከኋላዋ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ "እኔንስ መቼ ነው የምታስገቢኝ?" አለቻት።

"በሕይወት ያለ ሰው ቴምብር ላይ አይወጣም።"

"እንግዲያ ቦታ ያዢልኝ።"

"ሞልቷል።"

ታላቅየዋ ሳቀች። በዚያ ድምጽ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፕሮግራሙ ቆመ። ታናሽየዋ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ በልቧ እፎይ አለች። ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሁለት ሦስት ቴምብር እርጥቡን ጠረጴዛዋ ላይ ታገኛለች። አሁንም ይጽፉልሻል ወይ ብትላት፣ ይጽፋሉ ነው መልሷ። ይሄኛው ከጆንያው ሁሉ ባሰ። ጡረታ ወጥታ፣ አርጅታ፣ ዝም ብላም ይጽፉላታል። ለታናሽየዋ ከውሃ ቆጣሪ አንባቢው በቀር ወረቀት የላከላት የለም።

አሁን ደግሞ አልበሙ ውስጥ ልትገባ ነው። ከሐኪሙ አጠገብ። አይሆንም አለች በሆዷ፤ ፍራሹ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ሰኞ ሹሙ ተመለሰ። ቤቱ ሰው ቀለል ብሎታል፤ ልብስ ሰፊዋ ብቻ አለች። የፎቶውን ነገር አላነሳም። ከኪሱ ሦስት ፖስታ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት፤ ከሟቿ የፖስታ ሳጥን የተገኙ ናቸው።

ለሙት እንኳ ይጽፋሉ። አንዱን ቀደደችው፣ ባዶ ነው። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛውን ዘቅዝቃ አራገፈችው። ከዚያ አድራሻውን አየች። የእህቷ እጅ ጽሕፈት ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

ሹሙ ኮፍያውን አዟዟረ። "ያለፈው ሰኞ የላኩት ነው፤ ባረፉ ዋዜማ። ቴምብር ሻጭ ሆኜ መስኮት ላይ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ። ሹም ከሆንኩም በኋላ ወርጄ የማስተናግዳቸው እኔ ነኝ። የሰው ፊት ያለበትን ቴምብር ይመርጣሉ፣ ባዶ ፖስታ ላይ ይለጥፋሉ፣ ለራሳቸው ይልካሉ። አንድ ቀን ንጹሑን አይወስዱም ወይ ብላቸው፣ 'ማኅተም ከሌለው እህቴ አትቀበልም፤ አስቸጋሪ ናት' አሉኝ።"

"ደብዳቤውስ?"

"የቱ ደብዳቤ? ፕሮግራሙ ከቆመ በኋላ ስድስት ወር ቢመጣ ነው። ሳጥኑን እኔ ነበርኩ የምሞላው።"

ዘጠኝ ዓመት ያህል በባዶ ፖስታ ስትቀና ኖራለች። ልቧ ግን አመሉን አይተውም፤ ቀድሞ የመጣላት ነገር፣ ዝናው አልበቃ ብሎ ደግነቱንም እህቷ ወሰደችው፣ የሚል ነው።

ልብስ ሰፊዋ ልትናገር አፏን ከፈተች። ታናሽየዋ ገላምጣ አየቻት። ጎረቤቷ ወደ ሻይዋ ተመለሰች።

ፍራሹን አነሳች፤ አልበሙን አወጣች። ከመጨረሻው ገጽ ፎቶውን ላጠችው። ሁለቱ እህትማማቾች ጎድጓዳው ሳህን ፊት ናቸው። ታላቅየዋ ጣቷ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ቴምብር ይዛ ፎቶ አንሺውን ልትቆጣ ስትል፤ ታናሽየዋ ከጎኗ፣ እጇን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ።

የሹሙ ፊት በራ። "በጣም ጥሩ ነው። እርስዎን... ማለቴ፣ ይቅርታ፣ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ እኛ እንቆርጠዋለን።"

"መቀስሽን ስጪኝ" አለች ልብስ ሰፊዋን።

ራሷን በራሷ ቆረጠች። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አንገቷን እያለፈች ወረደች። ትከሻው ጋ ስትደርስ ዘገየች፤ መቀሱን በአራቱ ጣቶች ዙሪያ ቀስ አድርጋ አዞረችው።

"ጣቶቹ ቀሩ እኮ" አለ ሹሙ። "ግድ የለም፣ ሠዓሊው ያጠፋቸዋል።"

"ይቆዩ።"

ፎቶውን ሰጠችው። ከዚያ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ውሃ ሞላችና ሦስቱን ፖስታ ነከረች።