ሃያ ሦስት ዶሮና አንድ ጣሳ

የእርዳታ ድርጅቱ ባለሙያ ለመጨረሻ ጊዜ የምትመጣበት ቀን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እናትና ልጅ የሰው ልብስ እያጠቡ አንድ ቅዳጅ ፍራሽ ላይ ሲያድሩ፣ ስድስት ዶሮ ሰጥታ በየሳምንቱ እየመጣች አረባቡን ያሳየቻቸው እሷ ናት። ዛሬ ግን አይታ «ይህ ቤት ራሱን ችሏል» ካለች በየወሩ የሚሰጣቸው እህል ይቀራል።

እናት ይህን ስትሰማ ታጥቃ ተነሳች። ስድስቱ ተራብተው ሃያ ሦስት የደረሱትን ዶሮዎች አንድ በአንድ በአጥር ላይ ለጎረቤቷ ለአናጢው አቀበለችው። በእንቁላል ሽያጭ የገዙትን አዲስ ብርድ ልብስ አልጋ ስር ወሸቀችው።

«እማዬ፣ እኔንስ የት ልትከቺኝ ነው? ወፍሬያለሁ እኮ» አለች ልጇ፣ ሰፈሩ ቃሪያ እያለ የሚጠራት።

«አንቺ አፍሽን ብቻ ደብቂልኝ።»

ቃሪያ ባዶውን የዶሮ ቤት ተመለከተች። የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ጠዋት አጥር ተሻግሮ ሊካድ ነው።

ባለሙያዋ መጣች። ባዶውን የዶሮ ቤት ስታይ ክው አለች።

«እናቴ፣ ዶሮዎቹስ?»

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ፈንግል ፈጃቸው» አለች እናት፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

«አይ... የክትባቱን ጠብታ ረስተውት ይሆናላ። አይዞዎት፣ ብዙ ሰው ይረሳል።»

የእናት ፊት ተለዋወጠ። የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ እየያዘች ዓይኑ ላይ ጠብታ የምታደርገው እሷ። የሰነፈውን ቤቱ ድረስ ሄዳ የምትቆጣው እሷ።

«እኔ?» አለች ቀስ ብላ። «ጠብታ ረሳሁ? እኔ?»

«ማለቴ እንኳ...»

እናት አልጠበቀቻትም። ጓዳ ገብታ ለዶሮዎቹ ጥሬ የምትሰፍርበትን ጣሳ ይዛ ወጣችና በማንኪያ ሦስቴ መታችው።

መጀመሪያ ከአጥሩ ማዶ አናጢው «ኧረ ቀስ፣ ኧረ ሙጫዬን» ሲል ተሰማ። ወዲያው ሃያ ሦስት ዶሮ በአጥሩ ላይ እየተንፈራገጠ ግቢው ውስጥ ፈሰሰ። አንዷማ ባለሙያዋ ጫማ ላይ ጉብ አለች።

«በይ ዓይናቸውን እያገላበጥሽ እዪ» አለች እናት። «ከሰጠሽኝ ስድስት አንዷ እንኳ አልሞተችብኝም።»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እንግዲህ እህሉ ይቀራል፣ እናቴ።»

እናት ዶሮዎቿን አየች። «ይቅራ። ለሌለው ስጪልኝ። ጠብታ አደራረግ ያልገባው ካለ ደግሞ ወደ እኔ ላኪው።»

ቃሪያ ቤት ገብታ ብርድ ልብሱን ከአልጋ ስር ጎትታ አወጣችው። ከዚያ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው በኩል፣ አጥሩ ላይ ዘርጋ አድርጋ አሰጣችው።