ጋሽ ጠብታ ወደ ገንዳው የመጡ ቀን

የሕክምና ገንዳ ውሃ ሕፃን እንደሚታጠብበት ውሃ ሞቅ ያለ ነው። ሲሞቅ ደግሞ አመሉ ይከፋል፤ ክሎሪኑ ቶሎ ያልቃል፣ ለጀርሙም ይመቸዋል። ይህን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገንዳውን የጠበቁት ሰው ናቸው። በየሁለት ሰዓቱ በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድተው የክሎሪን መመርመሪያ ፈሳሽ ጠብ ስለሚያደርጉበት፣ በሽተኛው ሁሉ ጋሽ ጠብታ ይላቸው ነበር። ውሃው ለስለስ ያለ ሮዝ ከሆነ ክሎሪኑ በልኩ ነው። ቀለም ካልያዘ አንሷል፣ ደም ከመሰለ በዝቷል፤ ያኔ ማንም አይገባም።

እኔ ስቀጠር ጉልበት እንጂ ትዕግሥት አልነበረኝም፤ አሁንም ብዙ የለኝም። «አንቺ ችኩል» ነበር የሚሉኝ። እሳቸው ግን ለማንም አይቸኩሉም። አንድ ጊዜ ዋናው ሐኪም ወገባቸውን አሟቸው መጡና «ቤቴ ታጥቤያለሁ» ቢሉ፣ ጋሽ ጠብታ ሳሙና አስይዘው ወደ ሻወሩ መለሷቸው። እኛ ጥግ ይዘን በሳቅ ፈረስን። ሰው የክሎሪን ሽታ ሲሰነፍጠው «ዛሬስ ንጹሕ ነው» ይላል። እሳቸው ደግሞ የሚሰነፍጠው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲታገል ነው፣ ንጹሕ ገንዳ እምብዛም አይሸትም እያሉ ሳይሰለቹ ያስረዱ ነበር።

ያ ጊዜ ይናፍቀኛል። ጠዋት እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፍኖት፣ የጎማ ጫማችን እየተንጫጫ፣ እሳቸው መጥረጊያቸውን ይዘው ሲያንጎራጉሩ። ያኔ ሥራው በዛብኝ እያልኩ አማርር ነበር፤ ለካ ደስተኛ ነበርኩ።

ጡረታ በወጡ በአራተኛው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ዛለ፣ አንደበታቸው ተያዘ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ፣ መሬት ላይ እግራቸው ባይሸከማቸውም ውሃ ውስጥ ሊራመዱ ይችላሉ አለች። ከዚያ ውጪ ተስፋ አልነበራቸውም። ተረከዛቸው ላይ ግን የመኝታ ቁስል ነበር። «ቁስል ያለበት ሰው አይገባም» የሚለውን ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፉት ራሳቸው ናቸውና ሁለት ወር ጠበቁ። ቁስሉ ሲደርቅ ቀን ተቆረጠላቸው፤ ልጃቸውም ለዚያች አንድ ቀን አለቃዋን ለምና ፈቃድ ወሰደች።

ያን ጠዋት ከሰዓቴ ቀድሜ ገባሁ። ጠርዙን ፈተግኩ፣ መደገፊያውን ወለወልኩ። ከዚያ ክሎሪን ስጨምር እጄ አልሰስት አለ። ለእሳቸው ነው ብዬ አንዴ ጨመርኩ፤ ለእሳቸው ነው ብዬ እንደገና ደገምኩ።

መጡ። ከስተዋል። ልጃቸው በሳሙና አጥባ ስትጨርስ፣ ገንዳ ውስጥ በሚያወርደው ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። አጠገባቸው ሆኜ ከገንዳው ቀዳሁ፣ መመርመሪያውን ጠብ አደረግኩ። ወዲያው ባለሙያዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝና ዞር ብዬ መለስኩላት። ዓይኔን ስመልስ ብልቃጡ ለስለስ ያለ ሮዝ ነው። በኩራት ውጤቱን የዕለት መመዝገቢያው ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ወንበሩን ማውረድ ጀመርኩ።

ጋሽ ጠብታ በግራ እጃቸው መደገፊያውን ጨብጠው አልለቅም አሉ። ለመናገር ይታገላሉ፤ የሚወጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው። ባለሙያዋ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ይፈራል አለች። ልጃቸው «አባዬ፣ አይዞህ» እያለች ትከሻቸውን ታሻለች። እኔ ደግሞ ጣታቸውን አንድ በአንድ ላላቅቅ ስሞክር እጄን መቱኝ። ደሜ ፈላ። ሁለት ወር ስጠብቀው የነበረ ቀን ዓይኔ እያየ ሊበላሽ ነው።

እሳቸው ግን የሚያዩት ውሃውን አልነበረም፤ ብልቃጡን ነው። ሰጠኋቸው። ያለውን ደፉትና ልጃቸው የያዘችውን የታሸገ የመጠጥ ውሃ በአገጫቸው አሳዩኝ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ብልቃጡ ወገብ ላይ አስቀመጡ። እስከዚያ ድረስ የገንዳውን ውሃ ሞላሁ፤ ከዚያ በላይ የመጠጡን። መመርመሪያውን ጠብ አደረግኩ።

ደም መሰለ፤ አልደበዘዘም።

ሥራ በጀመርኩበት ወር ነግረውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት። ክሎሪን ከመጠን ሲያልፍ የመመርመሪያውን ቀለም ራሱን ያቃጥለዋል። አንድ አፍታ ይቀላል፣ ከዚያ ይደበዝዝና ልክ የሆነ ይመስላል። በሌላ ውሃ ሲቀጥን ግን ቀለሙን ማቃጠል ያቅተውና እውነተኛው ቅላት ይታያል። እኔ ፊቴን ባዞርኩባት በዚያች አፍታ እሳቸው ቅላቱን አይተውታል። ቢገቡ ኖሮ ዓይናቸው ይቃጠል፣ ያ ስስ ተረከዛቸውም ዳግም ይቆስል ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያበዛሁት» አልኩ። ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሳቸው በጣታቸው ሰሌዳውን ብቻ አሳዩኝ። የጻፍኩትን አጠፋሁና ገንዳው ዝግ መሆኑን ጻፍኩ። አሁንም ጣታቸውን አላወረዱም፤ ምክንያቱንም፣ ስህተቱ የእኔ መሆኑንም ጻፍኩ። ያኔ እጃቸውን አወረዱ። ልጃቸው ማንንም ሳታይ፣ «እንግዲህ ሌላ ፈቃድ ከየት አመጣለሁ?» አለች።

ገንዳው በሁለት ቀን ተስተካከለ። የልጃቸው ፈቃድ ግን የተገኘው ለአሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር፤ ጋሽ ጠብታ በዘጠነኛው ቀን ስትሮኩ ተመልሶባቸው አረፉ።

ለቅሶ ሄድኩ። ልጃቸውን ለብቻዋ አግኝቼ፣ ያችን አንድ ዕድል የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ አልኳት።

«ከታመመ ጀምሮ» አለች፣ «አንሺው፣ አጥቢው፣ አጉርሺው ነበር። ማንም አንድ ነገር ጠይቆት አያውቅም። ያን ቀን ግን መኪና ውስጥ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ማታ የደረሰውን ለእናቴ ሊያስረዳት በብርጭቆ ግማሽ ውሃ ያስቀዳል፣ ያስደፋል፣ እንደገና ያስቀዳል። እሷም እንደ ድሮው ‹ዛሬም ችኩሏ አደከመችህ?› አለችው። ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እኔ ለሕክምና ነበር ይዤው የሄድኩት። ይዤው የተመለስኩት ግን ከሥራ ነው።»