ወደ ምስማሯ ያልተመለሰች እንጨት

በጾም ወራት ረቡዕ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ፕሬስቢቴሪያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ስለሆኑ ሥጋ ተው፣ ወተት ተው አይባሉም። በዐቢይ ጾም በየረቡዑ ከሥራ መልስ ይሰበሰቡና አንድ ትልቅ ድስት የአትክልት ሾርባ በዳቦ ይበላሉ፣ ሁለት መዝሙር ይዘምራሉ፣ መጋቢውም አጭር ትምህርት ይሰጣል። አጭር የሚለው እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከቤት መውጣት ለማይችሉት ሾርባው በሰፈርታስ ይቀዳል፤ ለደካማ ትራፊ አይሰጥም የሚል ሕግ አላቸው።

በሩ አጠገብ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል። አሥራ አንድ ምስማር አለው፤ በየምስማሩ የጣት ርዝመት ያላት እንጨት፣ በየእንጨቷ ላይ የአንድ በሽተኛ ወይም አቅመ ደካማ ስም። ሾርባ የሚያደርስ ሰው እንጨቷን አንሥቶ ኪሱ ይከታል፣ በሚቀጥለው ረቡዕ መልሶ ይሰቅላታል። ከፈለገም እስከ ፋሲካ ይይዛታል። ባዶ ምስማር ማለት "ይህ ሰው፣ ሰው አለው" ማለት ነው። ስለዚህ ባዶ ምስማር ያየ አይጠይቅም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሲሠራ ኖሯል።

የሰሌዳው አዛዥ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም አንዷ ናቸው። ድምፃቸው ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ስለሚሰማ "እትዬ ደወል" ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊታቸውም ቢሆን። አይከፋቸውም። እንጨት እጅ በለወጠ ቁጥር ለባለ ስሟ ስልክ ይመታሉ፤ "ዛሬ እገሊት ትመጣለች፣ በሩን እንዳትቆልፊ!" ይላሉ። እጅ ካልለወጠ አይደውሉም፤ ምን ሊሉ ይደውላሉ?

በዚያ ዓመት ጾሙ በሚጀመርበት በአመድ ረቡዕ፣ መጋቢው ካለፈው ሆሳዕና የተረፈውን ዘንባባ አቃጥሎ ባዘጋጀው አመድ የሰዉን ግንባር ሁሉ ምልክት ካደረገ በኋላ፣ "ዘንድሮ እያንዳንዳችሁ ከአንድ ክፉ ነገር ጹሙ" አለ። ቀጠለና፣ "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል" ሲል ሰዉ ሳቀ። አንዲት ልብስ ሰፊ ግን አልሳቀችም። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ግንባሯ ላይ ያለው አመድ ያሳክካት ነበር።

ከታላቅ እህቷ ጋር ከተነጋገረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። እናታቸው የታመሙት እህቷ ቤት ነበር። በመጨረሻው ምሽት ልብስ ሰፊዋ ደውላ "ልምጣ ወይ?" ብትል፣ እህቷ "ተኝታለች፤ አንቺም ሦስት ቀን ዓይንሽን አልከደንሽም። ነገ በጠዋት ነይ፣ ሚጡ" አለቻት። በጠዋት ስትደርስ እናቷ ፊታቸው ተሸፍኖ ጠበቋት። "እናቴን ቀማሽኝ!" ብላ ጮኸች፤ ያንን አራት ፎቅ ደረጃ እየሮጠች ወረደች፤ ሁለተኛም ላትወጣው ማለች። እህቷ ስልክ ደወለች፣ ሰው ላከች። ልብስ ሰፊዋ ልቧን ድንጋይ አደረገች።

ጊዜ ሄደና የእህቷ ጉልበት ከዳት። ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ሲያቅታት ስሟ እንጨት ላይ ተጽፎ ሰሌዳው ላይ ተሰቀለ፤ ሾርባዋንም አንድ ጡረተኛ መምህር ያደርሱላት ጀመር። ልብስ ሰፊዋ በየረቡዑ በዚያች እንጨት ሥር ታልፋለች። እንዳላየች ትሆናለች እንጂ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከአመድ ረቡዕ ቀጥሎ ባለው ረቡዕ ግን ከወንበሯ ተነሣች፤ ሰሌዳው ዘንድ ሄደች፤ የእህቷን እንጨት አንሥታ ኪሷ ከተተች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። እትዬ ደወል ሰፈርታሱን ሲያቀብሏት ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ "ተባረኪ፣ የኔ ልጅ" ብቻ አሉ። ወዲያው ወደ ስልኩ ሄዱ።

መንገዱ ሩብ ሰዓት ነው። ሄደች። የሕንፃውን በር ገፋች። አንደኛ ፎቅ ወጣች፣ ሁለተኛ ፎቅ ወጣች። እዚያ ላይ ቆመች። መጀመሪያ ምን እላለሁ? ይቅርታ ልበል ወይስ ይቅር ብዬሻለሁ ልበል? ማነው ቀድሞ የሚያለቅሰው? ከላይ በር የተከፈተ መሰላት። ደነገጠችና "ነገ፣ ነገ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ" ብላ ወረደች። ቤቷ ስትገባ ሾርባውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው፣ ሰፈርታሱንም ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ነገ ደግሞ ነገን ወለደ። ሥራም ነበራት፤ ለስቅለት መስቀሉ የሚለብሰውን ጥቁር ጨርቅ እንድትሰፋ ቤተ ክርስቲያኑ አዝዟት ነበር። ሥራ ለሰነፍ ልብ ጥሩ ምክንያት ነው።

በሁለተኛው ረቡዕ እንጨቷን መልሳ ልትሰቅል፣ "አልቻልኩም፤ መምህሩ ይውሰዱላት" ልትል ቆርጣ መጣች። እውነት ለመናገር ቆርጣ ነበር። ግን ገና ከደረጃው ሳትወርድ እትዬ ደወል በሁለት እጃቸው ፊቷን ያዙት።

"እሰይ! እሰይ! ባዶዋን ምስማር ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። አልጠይቅሽም፣ አንቺም አትንገሪኝ። የእህትማማች ነገር የእህትማማች ነው። እስከ ፋሲካ አንቺው ያዣት!"

"እትዬ፣ እኔ እንኳ..."

"ዝም! አትንገሪኝ አልኩሽ።"

መምህሩም ከወዲያ ማዶ፣ "እኔም ልጠይቃት እያሰብኩ ነበር" ቢሉ፣ እትዬ ደወል "ተዋቸው እንጂ መምህር! የሰባት ዓመት ወሬ አለባቸው፣ ይጠግቡ!" ብለው ገሠጿቸው። ሁሉም ሳቀ፤ ሁሉም ደስ አለው። ደስታቸው ከልብ ነበር፤ የከፋውም ነገር ይኸው ነው። ስድብ ቢሆን ትመልስ ነበር፤ ለደስታ ምን መልስ አለ? ልብስ ሰፊዋ እጇን ኪሷ ከትታ እንጨቷን ጨበጠች፤ በሌላኛው እጇ ሰፈርታሱን ተቀበለች። በዚያ ቀን የሕንፃው በር ድረስ እንኳ አልሄደችም። ሾርባው አሁንም ማጠቢያው ውስጥ ገባ።

በሦስተኛው ረቡዕ ዋዜማ፣ ማክሰኞ ማታ፣ የጥቁሩን ጨርቅ ጠርዝ ስታጥፍ ክሩ አልገባ አላት። ዓይኗ ደክሟል። ክሩን በምራቋ አረጠበችና ድንገት እጇ ቆመ። ክር ማርጠብ ያስተማረቻት እህቷ ናት፤ ያኔ ልብስ ሰፊዋ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ "ሚጡ፣ አርጥቢው፣ ከዚያ ራሱ ይገባል" ብላ። ጨርቁን አቅፋ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የሰባት ዓመቱ ሁሉ ወረደ። ስታበቃ አንድ ነገር አወቀች፦ እህቷ ያን ምሽት "ነገ ነይ" ያለቻት ክፋት አስባ አልነበረም፤ ትንሽ እህቷ እንድትተኛ ብላ ነው። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ታውቀው ነበር።

ረቡዕ ዕለት ትምህርቱን አልጠበቀችም። ሾርባው እንደተቀዳ ሰፈርታሱን ይዛ ወጣች። ትኩስ ይድረስ ብላ በሻርፗ ጠቀለለችው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ ፎቅ። በሩን አንኳኳች።

መልስ የለም። እንደገና አንኳኳች። "እታለም! እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። የጎረቤት በር ተከፈተና ዱቄት የነካው ቀሚስ የለበሰች ሴት ብቅ አለች፤ ዳቦ ቤት የምትሠራ ጋጋሪ ናት፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለችም።

"አንቺ ነሽ እህቷ?" አለች ከላይ እስከ ታች እያየቻት።

"ነኝ። አትከፍትም።"

"አሁን ገና ከሥራ መግባቴ ነው። ቁልፍ አለኝ፣ ቆይ።"

እህቷ ኩሽናው ወለል ላይ ነበረች። የተገለበጠ በርጩማ አጠገቧ አለ። ከላይ ግድግዳው ላይ ያለው የዕቃ ሣጥን በር እንደተከፈተ ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ የቆርቆሮ ሳህን ከማንኪያ ጋር ተቀምጧል፤ ሁለተኛው ወለል ላይ ተንከባሎ ግድግዳው ሥር ቆሟል። የእናታቸው ሳህኖች ናቸው፤ ሰማያዊ ጠርዝ ያላቸው። ልብስ ሰፊዋ ተንበርክካ እጇን ነካቻት። እጇ ገና ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም ነበር። በሻርፕ የተጠቀለለው ሾርባም አልቀዘቀዘም።

"ለማን ነው በርጩማ ላይ የወጣችው? ያ ጉልበት..." አለች ልብስ ሰፊዋ። ዳቦ ጋጋሪዋ ሄዳ የሬሳውን ቀሚስ አስተካከለች።

በቀብሩ ዕለት ምእመናኑ ሁሉ መጡ። "ቢያንስ ታርቃችሁ ነበር" አሉ። "ቢያንስ ከእጅሽ በልታ ሄደች" አሉ። "ስንቱ ይህን ዕድል ያጣል!" አሉ። እያንዳንዱ "ቢያንስ" ጥፊ ሆኖ ያርፍባት ነበር፤ እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ዝም ባለች ቁጥር ሰዉ ይበልጥ አከበራት። ወንበር ይለቁላታል፣ እንግዳ ሲመጣ እየጠቆሙ ያሳዩአታል። እትዬ ደወል፣ "የዘንድሮ ጾማችን ፍሬ አንቺ ነሽ" አሏት። ቤቷ ገብታ በሯን ቆልፋ ትራሷን ነከሰች።

በዚያ ቤተ ክርስቲያን የስቅለት ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሥርዓት አለ። መብራቱ ይጠፋል፤ መስቀሉ ጥቁር ይለብሳል። በዓመቱ ውስጥ ከሰሌዳው ሰዎች የሞተ ካለ፣ ሾርባውን ሲያደርስ የነበረው ሰው እንጨቷን ይዞ ይወጣና በመስቀሉ እግር በተመታ ምስማር ላይ ይሰቅላታል። "እስከ መጨረሻው አድርሻለሁ" ይላል፤ ሕዝቡም "አሜን" ይላል። በዚያ ዓመት የሞተችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

መጋቢው ሲጠራት ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወጣች። በራሷ እጅ በሰፋችው ጥቁር ጨርቅ ፊት ቆመች። እንጨቷ በላብ ረጥባለች። ሕዝቡ "አሜን" ለማለት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

"አላደረስኩም" አለች።

መጋቢው በትክክል ያልሰማ መስሎት ጎንበስ አለ።

"አላደረስኩም!" አለች ጮክ ብላ። "ሁለቱን ረቡዕ ሾርባውን ማጠቢያ ውስጥ ነው የደፋሁት። ደረጃው ላይ ደርሼ ተመለስኩ። አልታረቅንም። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ስሄድ ሞታ ነው ያገኘኋት። ስትጠብቀኝ ነው የሞተችው!"

መጋቢው እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። "እህቴ፣ ሐዘን እንዲህ ያደርጋል" አለ በለሆሳስ። "የምንወደው ሲለየን ያላደረግነውን በደል በራሳችን ላይ እንቆልላለን።"

"እውነቴን ነው የምለው!"

እትዬ ደወል ከወንበራቸው ተነሥተው መጥተው አቀፏት። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም በሹክሹክታ የተናገሩት። "ዝም በይ የኔ ልጅ። እናውቃለን። ምን ያህል እንደወደድሻት እናውቃለን።" ከኋላ ሴቶች ሲያለቅሱ ተሰማ። አንዱ "አይ ትሕትና!" አለ። ምን ያውቃሉ? ምንም አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ፣ ባዶዋን ምስማር እያዩ ባለመጠየቃቸው ጥፋቱ የእነሱም መሆኑን ማወቅ ይኖርባቸው ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ማን ደፈረ?

ልብስ ሰፊዋ እንጨቷን አልሰቀለችም። ኪሷ መልሳ ከተተቻትና ወረደች። በመስቀሉ እግር ያለችው ምስማር ባዶዋን ቀረች። ማንም አልጠየቀም።

ሰዉ በዝምታ ሲወጣ፣ ከመጨረሻው ወንበር አንዲት ሴት ጠበቀቻት። ዳቦ ጋጋሪዋ ናት። የሟችን ስም ይጠራሉ ብለዋት የመጣች እንግዳ።

"እኔ አምንሻለሁ" አለች።

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ያዘች።

"ግድግዳችን ስስ ነው" አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። "አንቺ ትመጫለሽ ብለው ከደወሉላት ጀምሮ ረቡዕ ረቡዕ ሁለቱን ሳህኖች ታወርዳለች። ማታ ደግሞ መልሳ ላይ ሣጥኑ ውስጥ ታስገባቸዋለች፤ ዕቃ ሜዳ ላይ ሲያድር አትወድም። እኔ ላውርድልሽ ብላት እምቢ አለች። ሾርባ ላምጣልሽ ብላት፣ እህቴ ታመጣለች አለች። በደረጃው የወጣ ሰው እንደሌለ ግን አውቃለሁ።"

"ለእትዬ ለምን አልደወለችም? ለምን አልከሰሰችኝም?"

"ጠይቄያታለሁ። 'ሚጡ ዘገየች እንጂ አልቀረችም' ነው ያለችኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም፤ እንባዋ አልቆ ነበር። ዳቦ ጋጋሪዋ አላቀፈቻትም፣ አላጽናናቻትምም። ሻርፗን ጠምጥማ ለመሄድ ተነሣች።

"ሳህኖቹን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ። ቤቱን ለሌላ ሰው ሊያስረክቡት ነው፤ መጥተሽ ውሰጂያቸው።"

"እሺ" አለች ልብስ ሰፊዋ። ኪሷ ውስጥ እንጨቷን ጨብጣ ወለሉን ታያለች። "ነገ በጠዋት ልምጣ?"

ዳቦ ጋጋሪዋ በሩን ይዛ ዞር አለች።

"ዛሬ" አለቻት።