ኢስሐቅ ሳይመጣ ሞተር አይነሳም

እኔ ወንደሰን ሰው መጠበቅ አልወድም። በስደት በምንኖርበት ሳጃና ሰፈር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። ደንቡን ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ፤ ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ።

ከጦርነቱ በፊት የጣልያን ሞተር ሳይክል ያለን አራት ሰዎች ጁምዓ ጁምዓ ጠዋት የኔነሽ ሻይ ቤት ደጃፍ እንገናኝ ነበር። ሸዋንግዛው ዱካቲ፣ እኔና ቢልልኝ ሞቶ ጉዚ፣ ኢስሐቅ ቀይ ላቬርዳ። የአንዳችንም ጣራ ዝናብ አይከለክልም፤ ሞተራችን ግን እንደ መስታወት ነበር። ኢስሐቅ ቡሪ የሚባል ሰፈር ዘበኛ ሆኖ አድሮ በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል፤ ሁሌም መጨረሻ። አንድ ቀን ጥለነው ሄድን። ለካ ጎማው ፈንድቶ መንገድ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰው ውሏል። በራሴ ተናድጄ፣ "ከዛሬ ወዲያ ኢስሐቅ ሳይመጣ ሞተር አይነሳም" አልኩ።

ደንቡን ከሁሉ የወደደችው ሚስቱ ዛሂራ ነበረች። ቤቷ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነው። ሞተሮቹ ባንዴ ሲነሱ ትሰማና "ደረሰልኝ" ብላ ፉሉን ትጥዳለች።

ጦርነቱ የፈነዳ ጠዋት ኢስሐቅ ቡሪ ሥራ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ እሱንም ላቬርዳውንም ያየ የለም። እኛ የሦስታችንን ሞተር ጓሮ ባለው ክፍሌ ውስጥ አስገብተን፣ በሩን በጡብ ደፍነን ወደ ገዳሪፍ ሸሸን። ዛሂራ ግን "ቢመጣ ማን ይከፍትለታል?" ብላ ከቤቷ ንቅንቅ አላለችም።

ከሁለት ወር በፊት ተመለስን። ግድግዳውን ሳፈርስ ሞተሮቹ እንዳሉ ናቸው። ቤንዚንና ባትሪ ቀየርንላቸው፤ ጁምዓ ሲደርስ እየገፋን የኔነሽ ደጃፍ አቆምናቸው።

ሻይ ጠጣን፤ ደገምን። ሸዋንግዛው የጠራውን ታንክ መልሶ ይወለውላል። ቢልልኝ ዓይኑን ከቡሪ መንገድ አይነቅልም። ቁልፍ የሚያነሳ ጠፋ። ቆሽቴ አረረ።

"ማንን ነው የምንጠብቀው?" አልኩ።

"ደንቡ የአንተ ነው፣ ጋሼ" አለ ቢልልኝ።

"ኢስሐቅ ሞቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ለመናገር ፈራን። እኔ መጠበቅ በቃኝ። ያላ፣ ተነሱ።"

ሞተሬ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ቢልልኝም አስነሳ። ሸዋንግዛው እንባውን በዘይት ጨርቅ ጠርጎ አስነሳ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያ ድምፅ ናፍቆኝ ነበር።

ያኔ ዛሂራ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ትሮጣለች። ቶቧ ከትከሻዋ ወርዶ መሬት ይጎተታል፤ አንድ እግሯ ጫማ የለውም። እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ሦስት ዓመቴ ነው። ደርሳ ሞተሮቹን ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ሞተሬን አጠፋሁ፤ እነሱም አጠፉ።

"ጋሽ ወንደሰን፣ ላቬርዳውን ውስጥ አስገብቶት ነው?" አለችኝ፣ አንገቷን ወደ ሻይ ቤቱ አስግጋ።

ቁልፌን ከሞተሩ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

"ገና ነው፣ ዛሂራ" አልኳት። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቸኩዬ አስነሳሁ። ይመጣል፣ ኢንሻላህ።"

"እሱ እንደሆነ ሁሌም ይዘገያል" አለችና ጫማዋን ልትፈልግ ተመለሰች።

ይኸው ስምንተኛ ጁምዓችን ነው። ሞተሮቹን እየገፋን እንመጣለን፤ ሻይ ጠጥተን እየገፋን እንመለሳለን።